ከዳህራን ኮረብታ እስከ ጨረቃ ዋልታ

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ፍለጋ ነው። በ1931 (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ የፈረንጆች ናቸው) ቻርልስ ክሬን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ጂዳ ላይ ከንጉሥ አብዱልአዚዝ ጋር ሲገናኝ ንጉሡን ያስጨነቃቸው የውሃ ጉዳይ ነበር። ክሬን ካርል ትዊቸል የተባለ መሐንዲስ በራሱ ገንዘብ ቀጥሮ ላከላቸው። ትዊቸል ምዕራቡን አገር ዞሮ ተስፋ የሚጣልበት የከርሰ ምድር ውሃ አጣ። በምሥራቁ በኩል ግን የአለቱን አቀማመጥ አይቶ ነዳጅ ሊኖር እንደሚችል ተናገረ። በሜይ 1933 ውል ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካውያን ጂኦሎጂስቶች ጁበይል ላይ ወረዱ። ዳህራን ላይ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ይህ ነው የሚባል ነገር አልወጣቸውም። ሰባተኛው፣ ደማም ቁጥር 7 የሚባለው፣ በማርች 1938 በ1,441 ሜትር ጥልቀት ላይ ድፍድፍ ሰጠ። ዛሬ አል ነኺልን የመሳሰሉት የደማም ሰፈሮች፣ የኮበር ፎቆች፣ በመካከላቸው ያለው ሰፊ አውራ ጎዳና፣ ሁሉም ከዚያ ጉድጓድ በኋላ የመጡ ናቸው። ውሃው ግን ዛሬም ከባሕር እየተጣራ ነው የሚጠጣው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ፈላጊ ከዚሁ ምሥራቃዊ ግዛት ተነስቶ ነበር። ሴንት ጆን ፊልቢ እንግሊዛዊ ነው፤ እስልምናን ተቀብሎ ከንጉሡ ጋር የዋለ ሰው። በጃንዋሪ 1932 ከሁፉፍ አጠገብ ግመሎቹን ጭኖ ሩብ አል ኻሊ ወደሚባለው የአሸዋ ባሕር ገባ። የሚፈልገው ዉባርን ነበር፤ በነዋሪዎቿ ኃጢአት እሳት ወርዶባት ጠፋች የምትባለውን ከተማ። ቤዱዊን መሪዎቹ የፈረሰ ግንብ አለ፣ ግመል የሚያክል ብረትም አጠገቡ ተጋድሟል ብለውት ነበር። ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ ሲደርስ ያገኘው ከተማ ሳይሆን በአሸዋ መሃል የተቦረቦሩ ሁለት ክብ ጉድጓዶች ሆኑ። እሳተ ገሞራ መሰለው። ሰዎቹ ከአሸዋው ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጠጠር እየለቀሙ ኪሳቸውን ሞሉ፤ የከተማዋ ሴቶች ሲቃጠሉ የተበተነ ዕንቁ ነው ብለው አምነዋልና። ግመል የሚያክለው ብረት አልተገኘም። ጥንቸል የምታክል አንድ ቁራጭ ተገኘች፤ ፊልቢም ይዟት ሄደ።

ለንደን ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰዎች አይተው ነገሩን ፈቱት። ብረቱ ከሰማይ የወረደ ነው። ጉድጓዶቹ፣ ትልቁ 116 ሜትር ስፋት ያለው፣ የወደቀው አለት የከፈታቸው ናቸው። ዕንቁ የተባለውም አሸዋው በግጭቱ ሙቀት ቀልጦ፣ ከወዳቂው ብረት ጋር ተደባልቆ የተበተነ ጥቁር መስታወት ነው። የዳህራን ሰዎች ጉዳዩን አልተዉትም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአራምኮው ጄምስ ማንዳቪል በመኪና ወደዚያ ዘልቆ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን ትልቁን ብረት አሸዋው ገልጦት አገኘው። የቤዱዊኖቹ ወሬ እውነት ነበር፤ ነፋሱ ሲያለብሰውና ሲገልጠው ኖሮ ነው እንጂ። ዛሬ ሪያድ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። የሳዑዲን የጠፈር ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁሉ በ1985 ወደ ጠፈር ከወጣው ልዑል ነው የሚጀምሩት። ሰማዩ ግን አስቀድሞ ራሱ መጥቶ ነበር።

ዳህራን ኮረብታ ላይ በ1963 የነዳጅና ማዕድን ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1975 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ከደማም ወደ ኮበር የሚነዳ ሰው ማማውን ኮረብታው ላይ ያየዋል። ከዚያ ብዙም የማይርቀው የቀድሞው የዳህራን አየር ማረፊያ በ1961 የተጠናቀቀ የሚኖሩ ያማሳኪ ሥራ ነው፤ ቆይቶ የኒውዮርክን መንትያ ሕንጻዎች የነደፈው ሰው። ቅስቶቹ በጣም ከማማራቸው የተነሳ በሪያል ኖት ላይ ታትመዋል። እንግዲህ የነዳጅ ገንዘብ መጀመሪያ ያማረ ሕንጻ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሳተላይት ገዛ።

ሳተላይቱ የዓረብ ሊግ ሐሳብ ነበር። ዓረብሳት የሚባለው ድርጅት በኤፕሪል 1976 ሲቋቋም ትልቁን ድርሻ የያዘችው ሳዑዲ ናት። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በፌብሩዋሪ 1985 በአውሮፓው አሪያን ሮኬት ወጣች። ሁለተኛዋ፣ ዓረብሳት 1ቢ፣ በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እንድትጫን ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ናሳ የጭነት ገበያ ይሻማ ነበር። ሳተላይቱን በእኛ መንኮራኩር የሚያስወነጭፍ ትልቅ ደንበኛ የራሱን ሰው አብሮ መላክ ይችላል የሚል ግብዣም ነበረው። የመጀመሪያው ዓረብ ወደ ጠፈር የወጣው በዚህ በር ነው፤ ቲኬቱ የሳተላይቷ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። በሌላው ወገን ሶቭየቶች የወዳጅ አገር ሰዎችን በፖለቲካ ቲኬት ያወጡ ነበር፤ ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ በ1980 የወጣው እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በችሎታ ብቻ የተሰጠ የእንግዳ ወንበር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

የተመረጠው የ28 ዓመቱ ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ነበር። አባቱ በዚያን ጊዜ የሪያድ አገረ ገዢ ነበሩ፤ ዛሬ ንጉሥ ናቸው። ልዑሉ አሜሪካ ዴንቨር ተምሮ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ይሠራ ነበር፤ አውሮፕላን ማብረርም ይችላል። ተጠባባቂው የአየር ኃይሉ አብራሪ አብዱልሙህሲን አል በሳም ነበር። ሌሎቹ ጠፈርተኞች ለዓመታት የሚሠለጥኑትን እነርሱ በጥቂት ሳምንታት ነው የተካኑት። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ እዚያ ወጥቶ ምን ይሠራል የሚለው ነበር። መልሱ ከዳህራን መጣ። የሳይንሱን ቡድን የመሩት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ኃላፊ ዶክተር አብደላ ደባግ ናቸው፤ ሙከራዎቹም የተሰናዱት በእነርሱ ነው።

ከሙከራዎቹ አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ድፍድፍ ነዳጅና ውሃ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተዘግተው ይወጣሉ፤ ልዑሉ ይበጠብጣቸዋል፤ ከዚያ እንዴት እንደሚለያዩ ፎቶ ያነሳል። እዚህ ምድር ላይ መልሱን ልጅም ያውቀዋል፤ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው ዘይት ቀላሉ ከላይ፣ ከባዱ ከታች ይሆናል። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ግን ላይና ታች የለም። የሚቀረው የሁለቱ ፈሳሾች ገጽታ እርስ በርሱ የሚሳሳብበትና የሚገፋፋበት ኃይል ብቻ ነው፤ ምድር ላይ ስበት የሚሸፍነው ኃይል ማለት ነው። ይህ ለዳህራን ሰው የሩቅ ጥያቄ አልነበረም። ከኮበር በስተደቡብ ቁረያህ በሚባለው ቦታ የባሕር ውሃ እየተጣራ በቧንቧ ወደ ገዋር፣ ወደ ዓለም ትልቁ የነዳጅ መስክ፣ ይላካል፤ ከአለቱ ሥር ገብቶ ነዳጁን ወደ ጉድጓዶቹ እንዲገፋ። በአለቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃና ነዳጅ ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚያልፍ የሚወስነው በአመዛኙ ያ ስውር ኃይል ነው። የሙከራው ዕቃ ትንሽ ነበር፤ ጥያቄው ግን የአገሩ እንጀራ የተጋገረበት ጥያቄ ነው።

ዲስከቨሪ ከፍሎሪዳ የተነሳችው ጁን 17 ቀን 1985 ጠዋት ነው። ዳህራን ላይ፣ ሰዓታችን አንድ ነውና አዲስ አበባም ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 10 ቀን 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰባ ሰባት ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ ኮረም፣ መቀሌ፣ የመጠለያ ድንኳን። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ያለው አገር የራሱን ሰው ከምድር በላይ ሲልክ እኛ የምንልከው የእርዳታ ጥሪ ነበር። ለረሃቡ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የተደረገውም አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ታሪክ እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማስቀመጡን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።

በመንኮራኩሯ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ። አዛዡ ዳንኤል ብራንደንስታይን ነው፤ ሻነን ሉሲድ የመጀመሪያ በረራዋ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፓትሪክ ቦድሪም የልብና የደም ዝውውር መመርመሪያዎቹን ይዞ ወጥቷል፤ ልዑሉም በእርሱ ሙከራዎች ተካፍሏል። የሜክሲኮ ሳተላይት በመጀመሪያው ቀን፣ ዓረብሳት በማግስቱ፣ የአሜሪካው ቴልስታር በሦስተኛው ቀን ተለቀቁ። ረመዳን ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ስለነበር ዒድ የዋለው እነርሱ በምሕዋር ላይ እያሉ ነው። ዒድን የምታበስረውን የሸዋልን ጨረቃ በዓይን ማየት በምድር ላይ በየዓመቱ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ ነው። ከልዑሉ ሥራዎች አንዱ አዲሷን ጨረቃ ከላይ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ነበር። የሶላት ነገርም ነበረ። መንኮራኩሯ ምድርን በ90 ደቂቃ ትዞራለች፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ወጥታ ትጠልቃለች። ማግሪብ መቼ ነው ታዲያ? ይህ ጥያቄ ቆይቶ በ2007 ማሌዥያ የራሷን ሰው ወደ ጠፈር ጣቢያ ስትልክ በጽሑፍ መመሪያ ሆኖ ወጣ፤ ሰዓቱ በተነሳበት ቦታ ይቆጠር የሚል።

በዚያ በረራ ላይ ብዙ የማይወራ ሌላ ጉዳይ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን የከዋክብት ጦርነት የተባለውን የሚሳይል መከላከያ እቅድ ያራምዱ ነበርና ዲስከቨሪ ለእርሱም አንድ ሙከራ ይዛ ነበር። ሃዋይ ማዊ ደሴት ተራራ ላይ ካለ ጣቢያ የጨረር መብራት ይተኮሳል፤ መንኮራኩሯ በመስኮቷ ላይ የተገጠመውን ትንሽ መስታወት ወደ ተራራው አዙራ ጨረሩን ትመልሳለች። ጁን 19 ቀን ተሞከረ፤ መንኮራኩሯ ግን መስታወቱን ወደ ምድር ሳይሆን ወደ ባዶ ሰማይ አዞረችው። የተራራው ከፍታ 10,023 ጫማ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚጠብቀው ቁጥር በባሕር ማይል ነው። ስለዚህ 10,023 ማይል ከፍታ ያለው ተራራ አለ ብሎ አምኖ ወደዚያ ዞረ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩ ተስተካክሎ ሙከራው ተሳካ፤ ያን ጊዜ ተስቆ ታለፈ።

ጁን 24 ቀን ካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ ላይ አረፉ። ልዑሉ ሲመለስ የጀግና አቀባበል ተደረገለት፤ ቆይቶም ከሌሎች ጠፈርተኞች ጋር የዓለም ጠፈር ተጓዦች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የነዳጅና የውሃው ሙከራ ግን ከፎቶውና ከባንዲራው ጀርባ ቀረ። እኔ የማደላው ለሙከራው ነው። ወንበሩ የተገኘው በውል ነው፤ ዳህራን የሰጠችው ግን ሥራ ነው። ሥራ ያልተሰጠው እንግዳ የመስኮት ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር ከነሰባት ሰዎቿ ፈነዳች። የእንግዳ ወንበር ነገር በዚያው ቆመ፤ አል በሳምም ሳይወጣ ቀረ። ሁለተኛው ዓረብ ሶሪያዊው ሙሐመድ ፋሪስ በጁላይ 1987 ወደ ሚር ጣቢያ የሄደው በሶቭየት ሶዩዝ ነው። የሶሪያ ጦርነት ሲመጣ ተሰዶ ቱርክ ገባ፤ በ2024 እዚያው አረፈ።

ዳህራንና ኮበር ሮኬትን በቅርብ ያወቁት ግን በ1991 ነው፤ ያውም በክፉ ፊቱ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተነሳ ጊዜ ኢራቅ የስከድ ዝርያ የሆኑ ሚሳይሎችን ወደ ምሥራቃዊ ግዛት ትተኩስ ነበር። የስከድ አባት ሰርጌይ ኮሮልዮቭ ነው፤ ጋጋሪንን ያወጣውን ሮኬት የሠራው ያው መሐንዲስ። አያቱ ደግሞ የጀርመኑ ቪ-2 ነው፤ የአሜሪካ የጨረቃ ሮኬቶችም ከዚያው ግንድ ናቸው። የጠፈር ወዳጆች ይህን የዘር ሐረግ በወሬ መሃል ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን ምሽት አንድ ስከድ የአሜሪካ ወታደሮች ያደሩበትን መጋዘን መታ፤ 28 ሰው ሞተ።

የሚከላከለው ፓትሪዮት የተባለ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ዳህራን ላይ ተተክሎ ነበር፤ አልተኮሰም። ኮምፒዩተሩ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛ ግን በኮምፒዩተር የሁለት ቁጥር አጻጻፍ ማለቂያ የለውም፤ የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። የተቆረጠችው ቁራጭ ኢምንት ናት። መሣሪያው ግን ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ስለነበር ኢምንቷ ተጠራቅማ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ በላይ ሆነች። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ራዳሩ ያየውን ሚሳይል ዳግመኛ የፈለገው በሌለበት ቦታ ነው፤ ሲያጣው ምንም የለም ብሎ ደመደመ። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው። በ1985 ተራራውን ወደ ሰማይ ያወጣው ስህተትና ይህ ስህተት ወንድማማች ናቸው፤ አንደኛው አስቆ አለፈ፣ ሁለተኛው ሰው ፈጀ።

ከጦርነቱ በኋላ የሩብ አል ኻሊ ጉድጓዶች እንደገና እንግዳ አገኙ። በ1994 እና በ1995 ጄፍሪ ዊንና ዩጂን ሹሜከር የሚባሉ አሜሪካውያን ጂኦሎጂስቶች በመኪና ወደ ዉባር ዘለቁ። ሹሜከር ተራ ሰው አይደለም። የአሪዞናው ታላቅ ጉድጓድ በወዳቂ አለት የተከፈተ መሆኑን ያረጋገጠው እርሱ ነው፤ የአፖሎ ጠፈርተኞችን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እያስወረደ ድንጋይ ማንበብ ያስተማረም እርሱ። ራሱ ጨረቃ ላይ መውጣት ነበር ምኞቱ፤ የአዲሰን በሽታ ከለከለው። ዉባር ላይ ያየው ነገር በአሪዞና የማይገኝ ነበር። አለት ሳይሆን ልል አሸዋ የተመታበት፣ ዕድሜውም በጂኦሎጂ ሚዛን የትናንት የሚባል ነው፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ 300 ዓመት እንኳን የማይሞላ ሆኖ አግኝቶታል። ጨረቃም ላይ የሚመታው ፊት እንዲሁ የደቀቀ አፈር ነው። አሸዋው ግን ጉድጓዶቹን እየሞላ ነው፤ ፊልቢ ወርዶ የቆመበት ሥፍራ ዛሬ ከአሸዋ በታች ነው።

ሹሜከር በጁላይ 1997 አውስትራሊያ ውስጥ ጉድጓድ ፍለጋ ላይ እያለ በመኪና አደጋ ሞተ። በጃንዋሪ 1998 ሉናር ፕሮስፔክተር የምትባል ትንሽ የናሳ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ስትሄድ ከአመዱ ጥቂቱን በአንዲት ብልቃጥ ይዛ ሄደች። መንኮራኩሯ የምትፈልገው ውሃ ነበር። በጨረቃ ዋልታዎች ፀሐይ ፈጽማ የማትገባባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በረዶ ሳይተን ሊቆይባቸው ይችላል። መሣሪያዋ በዋልታዎቹ አካባቢ የሃይድሮጅን ምልክት አገኘች። ሃይድሮጅን የውሃ ግማሽ ወሬ ነው፤ ሙሉውን አይናገርም። ሥራዋን ስትጨርስ፣ ጁላይ 31 ቀን 1999፣ በደቡብ ዋልታ ካለ ጉድጓድ ጋር ሆን ተብሎ ተጋጨች፤ እንፋሎት ቢነሳ በቴሌስኮፕ ይታያል ተብሎ። ምንም አልታየም። ጉድጓዱ ዛሬ ሹሜከር ይባላል፤ ሰውየውም እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የትናንሽ ሳተላይቶች ናቸው። የሪያዱ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሴፕቴምበር 2000 ከባይኮኑር አስወነጨፈ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ኮበር የባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሳይቴክ የሚባለው የሳይንስ ማዕከል ተከፈተ፤ የጉልላት ሲኒማና የከዋክብት መመልከቻ አለው። በምሥራቃዊ ግዛት የሚያድግ ልጅ ስለ ሮኬትና ስለ ጨረቃ የሚጠይቅበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

በሜይ 2018 ቻይና ሎንግጂያንግ 2 የምትባል ትንሽ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ስትልክ ሪያድ የተሠራ ካሜራ ጫነችላት። ካሜራው የጨረቃን ገጽና ከአድማሷ ባሻገር ያለችውን ምድር አነሳ። መንኮራኩሯን የሬዲዮ አማተሮችም ይወዷት ነበር፤ ከምትልካቸው ምስሎች ጥቂቱን ኔዘርላንድ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ሥራዋ ሲያልቅ በጨረቃ ሩቅ ፊት ላይ ወደቀች። ቀኑ ጁላይ 31፣ 2019 ነው፤ ሹሜከር ከወደቀ ልክ 20 ዓመት። እንዲያው የቀን መገጣጠም ነው፤ ቢሆንም ቀኑን ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም።

በዲሴምበር 2018 ሪያድ የጠፈር ኮሚሽን አቋቁማ ሊቀመንበርነቱን ለዚያው ለልዑል ሱልጣን ሰጠች። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩአን ተነሳች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ወጪ የቻለችው ቻይና ናት። ከእንጦጦ ጣቢያ ሆነው መረጃዋን የተቀበሉት ግን የእኛ ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ስንዴ የሚለምን አገር ቴሌስኮፕ ምን ያደርግለታል ያለ ብዙ ነበር። የምድርን ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት የምታየው ማሳና ድርቅን መሆኑን ለማስረዳት ዓመታት ወስዷል። ሳዑዲዎቹ ይህ ክርክር አልነበረባቸውም፤ እነርሱ የነበረባቸው ወንበር ተገዝቶ ሥራ ይኖራል ወይ የሚለው ነው።

በጁላይ 2022 ሳዑዲ ዓረቢያ የአርጤምስ ስምምነትን ፈረመች፤ ስምምነቱ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመመለስ አሜሪካ ከምትመራው እቅድ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት ናሳ የዶክተር ብርሃኑ ቡልቻን ሥራ ይፋ አደረገ። ብርሃኑ በሜሪላንድ የጎዳርድ ማዕከል ተመራማሪ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ያሰናዱት መዳፍ ላይ የሚያርፍ የጨረር ምንጭ ነው፤ ቴራኸርትዝ በሚባለው፣ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መሃል ባለው ክልል የሚሠራ። የውሃ ሞለኪውል በዚያ ክልል የራሱ ድምፅ አለው፤ ሃይድሮጅንን ያየ መሣሪያ ሁሉ ውሃ አየሁ ማለት አይችልም፣ ይህኛው ግን ውሃን ከሌላው ለይቶ ያውቃል። ሉናር ፕሮስፔክተር ግማሹን ወሬ ያመጣችበትን ጥያቄ ቀሪውን ለመመለስ ነው።

ሜይ 21 ቀን 2023 ሳዑዲዎች ዳግመኛ ወጡ። ከፍሎሪዳ በፋልከን 9 የተነሳው ጉዞ አክሲየም 2 ይባላል፤ አዛዧ ፔጊ ዊትሰን ናት። የሮኬቱ የታችኛው ክፍል ሰዎቹን ካስወነጨፈ በኋላ ወደ የብስ ተመልሶ እዚያው ፍሎሪዳ በእግሩ ቆመ፤ ሰው በጫነ የፋልከን 9 በረራ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ራያና በርናዊ የጡት ካንሰርና የስቴም ሴል ተመራማሪ ናት፤ አሊ አል ቀርኒ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ። ከመጀመሪያው ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው ይህ ነው፤ አሁን ከሁለቱ አንዷ ሥራዋን ከላቦራቶሪዋ ይዛ የወጣች ናት። ጣቢያው ላይ የኤምሬትሱ ሱልጣን አል ነያዲ ይጠብቃቸው ነበር። ስምንት ቀን ያህል ቆዩ። በርናዊ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ለመድኃኒት የሚሰጡትን ምላሽ አጠናች፤ ከምድር ደግሞ የሳዑዲ ተማሪዎች በቀጥታ እያዩ አብረው ሠሩ፤ በካይት ቅርጽና በሙቀት መተላለፍ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ለእነርሱ የታሰቡ ነበሩ። ሰው ሠራሽ ዝናብ እንዴት እንደሚዘራ የሚመረምር ሙከራም ነበረበት። እዚህ አገር ከሰማይ የሚጠየቀው ነገር ከ1931 ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም።

በሜይ 2025 ናሳና የሳዑዲ የጠፈር ኤጀንሲ ሌላ ውል ተፈራረሙ። አርጤምስ 2 አራት ሰዎችን ጨረቃን አዙሮ ሲመልስ አንዲት የሳዑዲ ትንሽ ሳተላይት አብራ እንድትጫን ነው። ከምድር ርቃ፣ ከፍ ባለ ምሕዋር ላይ ተለቅቃ፣ የጠፈርን ጨረር፣ የፀሐይን ቅንጣቶችና የመግነጢስ መስኩን እንድትለካ ታስቦ ነው፤ ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሰው ሰውነት የሚያገኘውን ማለት ነው። በ1985 ሳተላይቷ ለልዑል ወንበር አስገኝታ ነበር። በዚህኛው ውል ውስጥ ለሳዑዲ የተያዘ ወንበር የለም፤ እንድትሄድ የተስማሙት መለኪያዋ ብቻ ናት።